«የዘንድሮ ጌም» ያልኩት ባለ ታንኩ ጨዋታ

የአንባቢያንን የጌምና የኮምፒውተር ጥያቄ የሚመልሰው ዓምደኛችን ባሕር ዳር ላይ ለዓመታት ጌም ቤት ነበረው፤ አሁን ስልክ ይጠግናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? ያደግሁት ጊዮርጊስ አካባቢ ነው፤ አሁን የምኖረው ዓባይ ማዶ። ልጅ ሆነን እርስዎ ቤት የምንጫወተው ትንሽ ታንክ ያለችበት ጌም ነበር። ታስሮ የተቀመጠ ጺማም ሰውዬ ስንፈታ ከቁምጣው ውስጥ መሣሪያ አውጥቶ ይሰጠናል። ሰሞኑን ለልጄ ላሳየው ብዬ ስፈልግ ስሙ ሜታል ስለግ መሆኑን አወቅሁ። ሲከፈት «ናዝካ» የሚል የድርጅት ስም ይመጣል። የዚህን ናዝካ ሌላ ሥራ ብፈልግ ያገኘሁት አንድ የጎልፍ ጌም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሠርተው እንዴት ጠፉ?

የዓባይ ማዶው አባት

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅህ። ያን ጌም ያስገባሁት በ1996 ዓ.ም. ነው። አንድ ልጅ ከአዲስ አበባ በሲዲ አምጥቶልኝ ነበር። ስከፍተው ስክሪኑ ላይ «1996» ይላል። አላመነታሁም። በሩ ላይ በማርከር «የዘንድሮ ጌም ገብቷል» ብዬ ለጠፍኩ። ቁጥሩ የፈረንጅ መሆኑ የገባኝ ከወራት በኋላ ነው። በእኛ 1988 ማለት ነው። «ዘንድሮ» ያልኳችሁ ጌም ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ወረቀቱን ግን አላነሣሁትም፤ ገበያው ጥሩ ነበር።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። ናዝካ አልጠፋም፤ ተዋጠ። የተነሣው ደግሞ ከሌላ ቤት ፍርስራሽ ላይ ስለሆነ ከዚያኛው ቤት እንጀምር። ከዚህ በታች ያለው የጃፓኖቹ ዓመት ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው። እንደ እኔ እንዳትሸወድ።

ኬንዞ ጹጂሞቶ የሚባል ሰው በ1974 አንድ የጨዋታ ማሽን ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በ1979 አይረም ተባለ። ሙን ፓትሮልን በ1982፣ ኩንግ ፉ ማስተርን በ1984፣ አር-ታይፕን በ1987 ያወጣው ይህ ቤት ነው። የበላይ ባለቤቱ ናናኦ ነበር፤ ኤይዞ የሚባሉትን የኮምፒውተር ስክሪኖች የሚሠራው። አይረም በ1993 ኢን ዘ ሃንት የሚል የሰርጓጅ መርከብ ጌም አወጣ። ካገኘኸው ክፈተውና ፍንዳታውን ብቻ እይ። ብረቱ ሲቀደድ፣ ጭሱ ሲጎለጎል፣ ስብርባሪው ቀስ እያለ ውሃው ውስጥ ሲሰጥም ታያለህ። ስሙን ሳታነብ «ይሄ እኮ ያ ባለ ታንኩ ነው» ትላለህ። የሣሉት እጆች ስለሚመሳሰሉ ነው።

በ1994 አይረም የአርኬድ ጌም መሥራቱን አቆመ። አርኬድ ማለት ሳንቲም እየዋጠ የሚያጫውተው ትልቁ ማሽን ነው። ሠራተኞቹ ተበተኑ። ከመካከላቸው የተወሰኑት አንድ ላይ ሆነው ናዝካን መሠረቱ። ጣና ዳር ዓሣ የምትበላ ከሆነ ይሄ አይገርምህም። ቤቱ ያው ነው፣ ስሙም ያው ነው፤ ጎላሹ ግን አንድ ቀን ሌላ ይሆንብሃል። ስትጠይቅ ወጥ ሠሪዋ ሦስት በር አልፋ ሌላ ቤት ገብታለች።

ናዝካዎች መጀመሪያ የሠሩት ሜታል ስለግ አንተ የምታውቀው አይደለም። በእግሩ የሚሮጥ ወታደር አልነበረውም። ተጫዋቹ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚነዳው ታንክ ብቻ ነበር። ጃፓኖች አንድ ልማድ አላቸው። ጌሙ ሳያልቅ አንድ የአርኬድ ቤት ውስጥ ያስቀምጡትና ሰው ሲጫወት ቆመው ያያሉ። ሳንቲም ከጨመረ ጥሩ፤ ካልጨመረ ወደ ሥራ። ሰዉ በታንኩ ብዙም አልተደሰተም። ስለዚህ ገለበጡት። ሰውየው በእግሩ ይሂድ፣ ታንኳን ደግሞ መንገድ ላይ ሲያገኛት ይሳፈርባት አሉ። ትንሽ ለውጥ ይመስላል፤ የጌሙ ጣዕም በሙሉ ግን እሱ ነው። በቀጭን ሽጉጥ ስትንቀጠቀጥ ቆይተህ ያቺን ድብልብል ታንክ ስታገኝ የሚሰማህን ታስታውሳለህ። ትዘላለች፣ ዝቅ ብላ ጥይት ታሳልፋለች።

ስለ ታንኳ ካነሣን አይቀር፣ አንድ ቀን የሆነውን ልንገርህ። እናንተ ልጆች «ታንኳን ያዛት! ኧረ ታንኳ ልትፈነዳ ነው!» እያላችሁ ትጮኻላችሁ። ደንገል ተሸክመው ከሐይቁ የሚመለሱ አንድ አባት በሩ ላይ ቆሙ። «የማን ታንኳ ናት?» አሉ ደንግጠው። ገብተው ስክሪኑን አዩና ምንም ሳይሉ ሄዱ።

ያን ጺማም እስረኛ ደግሞ «ባሕታዊው» ነበር የምትሉት። ፀጉሩና ጺሙ ረዝሞ ስታዩት ሌላ ምን ትሉታላችሁ? አንዲት እናት ሰምተው «ባሕታዊን በቁምጣ ታስቃላችሁ?» ብለው ልጃቸውን በጆሮው ይዘው ወሰዱት። በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

አሁንም የሚገርመኝ ግን የጠላት ወታደሮቹ ነገር ነው። ገና ሳያዩህ ተቀምጠው ያወራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ድንገት ሲያዩህ እጃቸውን እያወናጨፉ ጮኸው ይሮጣሉ። ይሄ ሁሉ በእጅ፣ ነጥብ በነጥብ የተሣለ ነው። ለአንዲት ድንጋጤ ስንት ሥዕል! ሳንቲም ለመልቀም ብቻ የሚሠራ ሰው እንዲህ አይደክምም።

ከሳንቲም ጋር እኔም ጣጣ ነበረብኝ። ሦስት ነፍስ በ50 ሳንቲም ነበር የማጫውታችሁ። ኮምፒውተሩ ላይ 5 ቁጥርን ስትጫኑ ሳንቲም እንደገባ እንደሚቆጥር ማን እንደነገራችሁ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ነፍስ አያልቅም፣ ወረፋው አይንቀሳቀስም፣ እኔ እከስራለሁ። የ5ን ቁልፍ ከኪቦርዱ ነቀልኩት። በእስክሪብቶ ጫፍ ቀዳዳውን ትጫኑ ጀመር። በመጨረሻ በግማሽ ሰዓት አደረግሁት። የጃፓን ባለ አርኬድ ይሄ ጭንቀት የለበትም፤ ማሽኑ 100 የን ካልዋጠ አይነሣም።

ሜታል ስለግ ገበያ ላይ የዋለው ሚያዝያ 1996 ነው፤ ኤስ ኤን ኬ በሚባለው የጃፓን ጌም ሠሪ ማሽን ላይ። በዚያው ዓመት ኤስ ኤን ኬ ናዝካን ጠቅልሎ ገዛው። በዚህ ምክንያት ነው አንተ ከሜታል ስለግና ከጎልፉ ሌላ ያጣኸው። ሁለተኛው ክፍል በ1998 ሲወጣ የሠሩት ሰዎች ኤስ ኤን ኬ ቤት ገብተዋል።

ሁለተኛውን ሳነሣ ደሜ ይፈላል። ጠላት ሲበዛ ጌሙ እንደ ቀንድ አውጣ ይጎተታል። «ጋሼ፣ ኮምፒውተርህ ሞተ» አላችሁኝ። ከፈትኩት፣ አቧራውን ነፋሁ። አልሆነም። ተበድሬ ራም ጨመርኩ። አሁንም ይጎተታል! ለካ ጥፋቱ የኮምፒውተሬ አይደለም። ዋናው የጃፓን ማሽን ላይም እንዲሁ ይጎተት ነበር፤ በ1999 ሜታል ስለግ ኤክስ ብለው አስተካክለው እንደገና አወጡት። የራሙ ብር ግን አልተመለሰልኝም።

ከሰዎቹ የአንዱን መንገድ ልንገርህ። የመጀመሪያውን ሜታል ስለግ ከመሩት አንዱ ካዙማ ኩጆ ነው። ኋላ ላይ ወደ አይረም ተመለሰ፤ እሱም ቢሆን በ1997 በአዲስ መልክ የቆመ ነበር። እዚያ በ2002 ዲዛስተር ሪፖርት የሚባል፣ ከመሬት መንቀጥቀጥ የሚያመልጡ ሰዎች ጌም ሠራ። አራተኛው ክፍል ሊወጣ ሲል መጋቢት 2011 ጃፓንን ያ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥና ሱናሚ መታት። አይረም በቀናት ውስጥ ጌሙን ሰረዘው። ኩጆ በዚያው ዓመት ወጥቶ ግራንዜላ የሚል የራሱን ቤት ከፈተ። የተሰረዘውን ጌም በ2018 ጨርሶ አወጣው። ስለዚህ የናዝካን ሥራ ስትፈልግ በድርጅት ስም አትፈልግ፤ በሰው ስም ፈልግ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፔዳ ግቢ ተማሪ ነኝ። የዶርም ጓደኛዬ «ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ የሚባለው የድብድብ ጌም ከስትሪት ፋይተር የተሰረቀ ነው» ይላል። እኔ አልስማማም። ይዳኙን። ደግሞስ ኤስ ኤን ኬ ከስሮ የለም እንዴ? አዲስ ጌም ሲያወጣ አያለሁ።

መልስ፦ ሁለታችሁንም ላሳዝን ነው። የመጀመሪያውን ስትሪት ፋይተር በ1987 ካፕኮም በሚባለው ጌም ሠሪ ቤት ውስጥ የመራው ታካሺ ኒሺያማ ይባላል። ከዚያ ካፕኮምን ለቆ ኤስ ኤን ኬ ገባ፤ በ1991 ፌታል ፊውሪን አወጣ። ባለ ቀይ ኮፍያው ቴሪ የመጣው ከዚያ ነው። ኪንግ ኦፍ ፋይተርስ ደግሞ በ1994 የኤስ ኤን ኬን ተደባዳቢዎች ሦስት ለሦስት አድርጎ ያሰባሰበ ጌም ነው። ታዲያ ሰውየው ከራሱ ሊሰርቅ ነው? ይባስ ብሎ፣ ኒሺያማ ከካፕኮም በፊት አይረም ነበር፤ ኩንግ ፉ ማስተር የእሱ ነው። ካፕኮምን ያቋቋመው ደግሞ ከላይ ያነሣሁት የአይረሙ ጹጂሞቶ ነው። በ2000 ኒሺያማ ዲምፕስ የሚል የራሱን ድርጅት ከፈተ፤ በ2008 የወጣውን ስትሪት ፋይተር 4 ከካፕኮም ጋር የሠራው ይሄው ዲምፕስ ነው። በ2024 ቴሪ ራሱ ስትሪት ፋይተር 6 ውስጥ ገብቶ ሲደባደብ ታየ። ለጓደኛህ ይሄን ንገረውና ሻይ ይጋብዝህ። ግማሹን አንተ ትከፍላለህ።

ስለ ኪሳራው ተሳስተሃል ማለት አልችልም። ኤስ ኤን ኬን ኤይኪቺ ካዋሳኪ በ1978 ኦሳካ ውስጥ መሠረተው። የሰውየው ብልጠት የታየው በ1990 በኒዮ ጂኦ ማሽን ነው። ይሄን እንደ ባለ ጌም ቤት ካላየኸው አይገባህም። ከዚያ በፊት ባለ አርኬዱ አዲስ ጌም ሲያምረው ብዙውን ጊዜ አዲስ ቦርድ ወይም ሙሉ ማሽን መግዛት ነበረበት። ኒዮ ጂኦ ግን ጌሙን እንደ ካሴት አደረገው፤ በሩን ከፍተህ አንዱን ታወጣለህ፣ ሌላውን ትከታለህ። አንዳንዱ ማሽን እስከ 6 ጌም በአንዴ ይይዝ ነበር። ለቤት የተሠራውም ውስጡ ከዚያው ጋር አንድ ነው። አሜሪካ ውስጥ 649.99 ዶላር ይሸጥ ስለነበር ግን የሀብታም ልጅ መጫወቻ ሆኖ ቀረ።

በኋላ ዓለም ወደ ሥሪ ዲ ዞረ። ኤስ ኤን ኬ በ1997 ሃይፐር ኒዮ ጂኦ 64 ብሎ ሞከረ፤ አልተሳካም። ጥር 2000 አሩዜ የሚባል የቁማር ማሽን ሠሪ ገዛው። ጥቅምት 2001 ከሰረ። ካዋሳኪ ግን አስቀድሞ ፕሌይሞር የሚባል ሌላ ድርጅት ከፍቶ ነበርና የጌሞቹን መብት መልሶ ገዛ። በ2003 ኤስ ኤን ኬ ፕሌይሞር ተባለ፣ በ2016 እንደገና ኤስ ኤን ኬ። ዛሬ ያን ታፔላ የያዙት ሳዑዲዎች ናቸው፤ የልዑል መሐመድ ቢን ሰልማን ሚስክ ፋውንዴሽን በ2022 ድርሻውን ወደ 96 በመቶ አደረሰው።

ጥያቄ፦ ባለ ታንኩ ጌም በስልክ ኦሪጅናሉ ይገኛል? እርስዎ ቤት የነበረውስ ኦሪጅናል ነበር?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ይገኛል። አንድሮይድም አይፎንም ላይ በክፍያ አለ። የእኔውን ተወው፤ ያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ኦሪጅናል የነበረው ዓሣው ብቻ ነው። በስልክ ስትጫወት ግን አውራ ጣትህ ግማሹን ስክሪን ይሸፍነዋል፤ ባሕታዊው የት እንደታሰረ አታይም። በብሉቱዝ የሚሠራ ጆይስቲክ ካለህ እሱን አገናኝ።