«ታጠፈ» ወይስ «ተጣጠፈ»?

በሙቀትና በአሲድነት ለውጥ ቅርጻቸውን በፍጥነት ስለሚለውጡ ፔፕታይዶችና (አጫጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለቶች) ፕሮቲኖች (ረጃጅሞቹ) በአማርኛ ማስተማሪያ የሚያዘጋጁ አንድ የድሬዳዋ መምህር፣ ፕሮቲን «ታጠፈ» ይባላል ወይስ «ተጣጠፈ»፣ ተቃራኒውስ «ተፈታ» ነው ወይስ «ተዘረጋ»፣ ለውጡስ «በቅጽበት» ሆነ ቢባል ያስኬዳል ወይ ሲሉ ጠይቀውኛል።

ግሱ በግእዝ «ዐጸፈ» ነው፤ አጠፈ፣ ደረበ ማለት ነው፤ መጎናጸፊያውም «ዐጽፍ» የተባለው ከዚሁ ነው። «ጸና» «ጠና»፣ «ጸበበ» «ጠበበ» እንደ ሆነ ሁሉ ይህም በአማርኛ «ዐጠፈ» ሆነ፤ «እጥፍ»ም የዚያው ልጅ ነው። በ«ዐ» መጻፉን እመርጣለሁ፤ ግሱ በተደራጊ ሲሆን በ«ተ» ሳይሆን በ«ታ» የሚጀምረው ይህች ፊደል በመዋጧ ነውና። ሆኖም ጸሐፊው ሁሉ ወደ «አ» ስለ ሄደ፣ ሳልወድ እከተላለሁ።

«ተ» የተደራጊ ምልክት ስለ ሆነ አጣፊ የሌለው ነገር «ታጠፈ» አይባልም፣ «ራሱን አጠፈ» ይባል የሚሉ አሉ። ይህን ፈጽሞ አልቀበልም። «ልጁ ታጠበ»፣ «ተነሣ»፣ «ተቀመጠ» ስንል አድራጊው ራሱ ልጁ ነው። «ራሱን አጠፈ» ደግሞ ከ«ራሱን አጠፋ» በጽሑፍ የሚለየው በአንድ ፊደል ብቻ ነው። አሜሪካዊው የባዮኬሚስትሪ ሊቅ ክርስቲያን አንፊንሰን እ.ኤ.አ. በ1972 የኖቤል ሽልማት የተጋሩበት ሥራም፣ ራይቦኑክሊዬዝ የተባለው ፕሮቲን ቅርጹ ከተፈታ በኋላ ያለ ሌላ አጣፊ ወደ ቅርጹ እንደሚመለስ ያሳየ ነው፤ «ተ» ይህን ለመግለጽ ይበቃል።

በ«ታጠፈ»ና በ«ተጣጠፈ» መካከል ያለው ልዩነት የድግግሞሽ ነው። ሐረር ውስጥ «መኪና ግርግር» በተባለው መንገድ ያሉት ልብስ ሰፊዎች ጨርቁ «ታጠፈ» የሚሉት አንድ ጊዜ ሲደረብ፣ «ተጣጠፈ» የሚሉት እጥፋቱ ሲበዛ ነው። ስለዚህ አንዲት መታጠፊያ ብቻ ያላት አጭር ፔፕታይድ «ታጠፈች»፣ በብዙ ቦታ የተደራረበ ሙሉ ፕሮቲን «ተጣጠፈ»፣ የጥምዝ ቅርጽ የያዘው ሰንሰለት ደግሞ «ተጠመዘዘ» ይባል።

ለተቃራኒው «ተፈታ» ይሻላል፤ «ተዘረጋ» ሰንሰለቱ ቀጥ ብሎ የተወጠረ ያስመስለዋል። ነገር ግን ሙቀት ሁልጊዜ ይፈታል ማለት አይደለም። ቆዳንና የደም ሥርን የሚለጠጥ የሚያደርገውን የኢላስቲን ፕሮቲን ቅንብር የሚመስሉ ፔፕታይዶች በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሟሙተው ይቆዩና ሲሞቁ ኮምተር ብለው እርስ በርስ ይያያዛሉ፤ ሲቀዘቅዙም ተመልሰው ይሟሟሉ። ለእነዚህ «ተሰበሰበ» ይገባል። እንቁላል ሲቀቀል ነጩ የማይመለስ ለውጥ ስለሚያደርግ፣ ለእርሱ «ረጋ» የሚለው የቆየ ቃላችን አለ።

«ቅጽበት» የመጣው በዐይን ጠቀሰ ከሚለው የግእዝ «ቀጸበ» ነው። የእነዚህን ፔፕታይዶች የቅርጽ ለውጥ ፍጥነት ለመለካት በሚደረግ ጥናት፣ የሌዘር ብልጭታ የሟሙበትን ውኃ በናኖ ሰከንዶች (የሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍሎች) ውስጥ በጥቂት ዲግሪ ያሞቀዋል፤ ከዚያ የሚከተለው የቅርጽ ለውጥ በኢንፍራሬድ ብርሃን ይለካል። አጭር የጥምዝ ፔፕታይድ ለአዲሱ ሙቀት ቅርጹን የሚያስተካክለው ከ1 ማይክሮ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ) ባነሰ ጊዜ ነው፤ አንድ የዐይን ጥቅሻ ግን የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ስለሚወስድ፣ ከዚህ ቢያንስ 100,000 ጊዜ ይረዝማል። ሕዝቡ «በቅጽበት»ን ለማንኛውም አጭር ጊዜ መጠቀሙን ልክድ አልችልም፤ በመማሪያ ግን አልወደውም። በርእሱ ላይ «ፈጣን» ይበሉ፤ በሐተታው ውስጥ ጊዜውን በናኖ ሰከንድና በማይክሮ ሰከንድ ይግለጹት።