ሀሁን ይወርደዋል፤ ሲጠቁሙት ግን ይጠፋዋል

አንዲት እናት ከፍኖተ ሰላም እንዲህ ጽፈዋል፦ «ልጄ 7 ዓመቱ ነው፤ አንደኛ ክፍል። ሀሁን ከዳር እስከ ዳር ይወርደዋል፤ ከመሀል አንዱን ስጠቁመው ግን ዝም ይላል። አባቱ ‘ሰነፍ’ እያለ ይኮረኩመዋል። አሁን ደብተር ሲወጣ ሆዴን አመመኝ ይላል። እኔና አባቱም ተኳርፈናል።»

እህቴ፣ ልጁ ሰነፍ አይደለም። የያዘው ዜማውን ነው፤ ፊደሉን ገና አልያዘም። «ሎ»ን ለብቻው ያሳዩት፤ ከ«ለ» ተነስቶ እየቆጠረ ከደረሰበት ነገሩ ይኸው ነው። የኔታዎች ከሀሁ ቀጥለው «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» ያስቆጥራሉ፤ ተራው ሲዘበራረቅ ልጁ ፊደሉን ማየት ግድ ይሆንበታል።

የሳሙና ካርቶን በክብሪት ቀፎ ልክ ይቁረጡና ፊደል ይጻፉበት። ለአንድ ምሽት 5 ይበቃል፦ 3 የሚያውቃቸው፣ 2 አዲስ። ሲጠፋው ጥቂት ጠብቀው ራስዎ ይንገሩት፤ የማያውቀውን ፊደል «አስብ እንጂ!» ስላሉት አያገኘውም። ከሁለት ካርድ በኋላ ያንኑ መልሰው ያምጡበት። ተ እና ቸን፣ ነ እና ኘን ባንድ ምሽት አያቅርቡ፤ የሚለያቸው አናታቸው ላይ ያለው ሰረዝ ብቻ ነው።

ኃምስን (አምስተኛውን) ከእግሩ ሥር ባለችው ቀለበት ያሳዩት፦ ቤ፣ ሴ፣ ሌ። ሳድስ (ስድስተኛው፣ እንደ «ት» ያለው) ግን ወጥ ምልክት ስለሌለው ብዙ ልጅ የሚደናቀፈው እዚያ ላይ ነው፤ እሱን በቃል ውስጥ ያስለምዱት። «ቤ» እና «ት» ገጥሞ «ቤት» ካለ በኋላ ቤን አንስቶ ሴን ይተካ፤ «ሴት» ሲሆንለት ፊቱን ይዩት።

10 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከእራት በፊት፣ እንቅልፍ ሳይመጣበት። ገና ሳይሰለቸው ያቁሙ።

የሆዱን ሕመም ማስመሰል ነው አይበሉ፤ ፍርሃት በእርግጥም ሆድ ይቆርጣል። ኩርኩም የለመደ ልጅ ደግሞ ዓይኑ ያለው ካርዱ ላይ ሳይሆን አባቱ እጅ ላይ ነው። ይህን ለባለቤትዎ ልጁ በሌለበት ይንገሯቸው፤ «አትንካው» ብቻ ብለው ግን አይተዉት፣ ኩርፊያው ይብሳል። ሥራ ይስጧቸው፦ ልጁ የኔታ ይሁን፣ አባት ተማሪ። አባት አውቀው ይሳሳቱ፣ ልጁ ያርማቸው።

ደብተሩን አፍንጫው ሥር የሚያስጠጋ ወይም ዓይኑን የሚያሽ ከሆነ ግን ካርዱ ይቆይና መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ዓይኑን ይታይ፤ ትራኮማ በአካባቢያችን ያለ በሽታ ነው።