ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «ሦስተኛ የኬሞ መድኃኒት ይጨመርላቸው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ ከአዘዞ፣ ጎንደር ነው የምጽፍልዎት። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው ቢጫ ሲሆንና ሰውነታቸውን ሲያሳክካቸው «የወፍ በሽታ ነው» ተብሎ የባህል መድኃኒት ሲጠጡ ከረሙ። በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሱ የሐሞት ቱቦ ካንሰር ሆነ። ጉበት ላይ ስለተሰራጨ ኦፕራሲዮን አይቻልም ተባልን። ስቴንት (የተዘጋውን የሐሞት ቱቦ ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ ቱቦ) ገብቶላቸው ቢጫነቱ ቀንሷል። ሐኪማቸው ሁለት የኬሞ መድኃኒት አንድ ላይ ሊጀምሩላቸው ነው። ውጭ ያለው ወንድሜ ግን «ሦስት ነው የሚሻለው፣ ብር እልካለሁ» ይላል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይማርልዎት። ወንድምዎ ከሜዳ ተነስቶ አይደለም የተናገረው፤ ሦስቱም ተሞክሯል።

መጀመሪያ ስለ ሁለቱ፤ ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን የተባሉት ይመስሉኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 ውጤቱ የታተመው ኤቢሲ-02 የተባለው የእንግሊዝ ጥናት 410 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንዱ ቡድን ጄምሲታቢን ብቻ ወሰደ፣ ሌላው ጄምሲታቢን ከሲስፕላቲን ጋር። በነጠላው ቡድን ግማሹ ታካሚ ከ8.1 ወር በላይ ኖረ፤ በጥምሩ ደግሞ ከ11.7 ወር በላይ። ቁጥሩን ግን ለአባትዎ የተቆረጠ ቀን አታድርጉት።

ቀጥሎ አሜሪካ ውስጥ 441 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ ናብ-ፓክሊታክሴል የተባለ ሌላ የኬሞ መድኃኒት ለአንዱ ቡድን ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረ። ሦስቱን ከወሰዱት ግማሹ ከ14 ወር በላይ ኖረ፤ ሁለቱን ብቻ ከወሰዱት ደግሞ ከ12.7 ወር በላይ። ልዩነቱ ግን በአጋጣሚም ሊመጣ የሚችል ዓይነት ነው። ሦስቱን በወሰዱት ላይ ግን የደም ሴሎቻቸው መውረድ በግልጽ ባሰ። አቅማቸው ለደከመ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ምናልባት ወንድምዎ የሰማው ስለ ዱርቫሉማብ ይሆናል። እሱ ኬሞ አይደለም፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ ነው። ከሁለቱ ጋር ሲሰጥ ዕድሜ ጨምሯል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት ከአራት አንድ ገደማ ሲሆኑ፣ ያለ እሱ ከአሥር አንድ ገደማ ነበሩ። ዋጋው ግን አይቀመስም። የኔን ሐሳብ ከጠየቁኝ፣ ቤት ወይም መሬት አይሽጡ። የወንድምዎ ብር ለደም ምርመራ፣ ለትራንስፖርትና ስቴንቱ ሲደፈን ለመቀየሪያ ቢቀመጥ ይሻላል።

ሁለቱ የኬሞ መድኃኒቶች እንደ ግሉኮስ በጠብታ በደም ሥር ይገባሉ። በሦስት ሳምንት ውስጥ በመጀመሪያውና በስምንተኛው ቀን ይሰጣሉ፤ ሦስተኛው ሳምንት እረፍት ነው። ሲስፕላቲን ኩላሊትን ይነካል፣ ጆሮ ላይ ጩኸት ያመጣል፣ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ውሃ በደንብ መጠጣት አለባቸው። ጎንደር ላይ ሁሌ የምንጨቃጨቀው እዚህ ጋ ነው፦ «ጾም ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አልቀምስም» ይላሉ አባቶቻችን። የነፍስ አባታቸውን ይዘው ያናግሯቸው፤ ለታመመ ሰው መፍቀዱ አይከብዳቸውም። ከሐኪም ይልቅ እሳቸውን ነው የሚሰሙት! የባህል መድኃኒቱ ግን ይቁም። ጉበታቸው አሁን ሌላ ሸክም አይችልም።

ከቀኑ ግማሹን በላይ አልጋ ላይ ከሆኑ፣ ሁለቱም ሊከብዳቸው ስለሚችል «አንዱ ብቻ ይበቃቸዋል ወይ?» ብለው ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ቴርሞሜትር ገዝታችሁ ቤት አስቀምጡ። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ወይም ብርድ ብርድ ካላቸው ስቴንቱ ተደፍኖ ወይም ነጭ የደም ሴላቸው ወርዶ ሊሆን ይችላል። እኩለ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸውና ገና በሩ ላይ ኬሞ እየወሰዱ መሆኑን ተናገሩ።