ስለ ሪዚስታንት ስታርችና ስለተነፋው ሆድሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። የጥሬ ድንች ስታርች ዱቄት በቀን 4 የሾርባ ማንኪያ ጀምረሽ ሆድሽ እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ልተወው ወይስ ልቀጥል ነው የምትዪው። አትተዪው፣ ግን በጣም ቀንሺው። እኔም በድርቀት ስሰቃይ ነው የጀመርኩት፣ ለኔ ጠቅሞኛል፤ የጠቀመኝ ግን ቀስ ብዬ ስለሄድኩበት ይመስለኛል።

ይሄ ስታርች ሪዚስታንት፣ ማለትም መፈጨትን የሚቋቋም፣ የሚባለው ነው፤ ትንሹ አንጀት ውስጥ ሳይፈጭ ያልፋል። እንደ ሌላው ስታርች ስኳር ሆኖ ደም ውስጥ አይገባም፤ ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፣ ከዚያ ቡቲሬት የሚባል የስብ አሲድ ይወጣል፣ እሱ ደግሞ የትልቁ አንጀት ግድግዳ ሴሎች ዋና ምግብ ነው። ጋዙም የሚመጣው ከዚሁ ማብላላት ነው። ባክቴሪያዎችሽ ሳይለምዱት አንቺ ባንዴ ጫንሽባቸው። በአንድ የሻይ ማንኪያ ጀምሪ፣ ሳምንት ያህል ቆይተሽ ሆድሽ ዝም ካለ ትንሽ ጨምሪ። ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ባክቴሪያ ስለሌለው ጓደኛሽ የተስማማት መጠን ላንቺ ላይሆን ይችላል። ቁርጠቱ ከጠናብሽ ወይም ቀድሞም አንጀትሽ ችግር ካለበት ግን ሐኪም ሳታዪ አትቀጥዪ።

ዱቄቱን በቀዝቃዛ ነገር ብቻ በጥብጪው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወተት መስሎ ይቆይና ካላማሰልሽው ታች ይዘቅጣል። የፈላ ውሃ ላይ ብትጨምሪው ግን ወዲያው ወፍሮ ሙጫ ይሆናል፤ ያኔ ተራ ስታርች ሆነ ማለት ነው፣ ለፍተሽ ዋጋ የለውም።

እውነት ለመናገር እኔ ከዱቄቱ ይልቅ ምግቡን እመርጣለሁ። ባቄላ፣ ምስር፣ ያልበሰለ ሙዝ፣ ተቀቅሎ ፍሪጅ ያደረ ድንች። ሲቀቀል የተፈታው ስታርች ሲቀዘቅዝ ከፊሉ መልሶ ይተሳሰራል፣ ያም መፈጨትን ይቋቋማል። ይሄን ቢላው ራሱ ይነግርሻል፤ ትኩሱ ድንች እየተጣበቀ ይፈረካከሳል፣ ያደረው ግን ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። መልሰሽ ብታሞቂው ሁሉም አይጠፋም፣ ስለዚህ ቀዝቃዛ ካልወደድሽ ራስሽን አታስጨንቂ።

እናትሽ ስኳር ስላለባቸው ሩዝ አቀዝቅዤ ልስጣቸው ወይ ላልሽው፣ እዚህ ላይ ሰው ያጋንናል። የቀዘቀዘ ሩዝም ሩዝ ነው፤ አብዛኛው ስታርች አሁንም ይፈጫል፣ ስኳርም ይሆናል። በልተው በመለኪያ ይለኩ፣ እሱ አይዋሽም። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ።

የአንጀት ካንሰር ይከላከላል የሚባለውንም በደፈናው መቀበል አይቻልም። ሊንች ሲንድረም የሚባል ለካንሰር የሚያጋልጥ የዘር ችግር ያለባቸው ሰዎች ይሄን ስታርች በቀን 30 ግራም እየወሰዱ ለዓመታት ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ውጤት የትልቁ አንጀት ካንሰር አልቀነሰም፤ የቀነሰው በሌላ የሰውነት ክፍል የሚነሳው ካንሰር ነው፣ እሱም በግማሽ ገደማ። ደስ የሚል ውጤት ነው፣ ግን የተጠኑት እነዚያ ሰዎች ናቸው፤ ላንቺና ለኔ እንዲሁ ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም።

ሩዝ የምታሳድሪ ከሆነ ግን አንድ ነገር አትርሺ። ከምድጃ እንደወረደ ሰፋ ባለ ዕቃ ዘርግተሽ አብርጂውና በአንድ ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቢው። በሩዝ ላይ ምግብ ማብሰል የማይገድለው ባክቴሪያ አለ፣ የሚያወጣውን መርዝ ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም። ጠረጴዛ ላይ ያደረውን ድፊው።