«ዋይልድ ፒች»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። ከአዳማ ነው የምጽፈው። ለአንድ የእንግሊዝኛ ፊልም የአማርኛ ጽሑፍ እየሠራሁ «ዋይልድ ፒች» የሚል የቤዝቦል ቃል ገጠመኝ። መዝገበ ቃላት ገልጬ «የዱር ሜዳ» ብዬ ብተረጉመው ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ትክክሉ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። «ፒች» ሜዳ የሚሆነው በእግር ኳስ ነው። በቤዝቦል ግን ወርዋሪው ወደ መቺው የሚልከው ውርወራ ነው። «ዋይልድ» ደግሞ እዚህ ላይ ዱርን አያነሳም፤ ከቁጥጥር የወጣ ለማለት ነው።

«የሳተ ውርወራ» የሚለው ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል። እኔ ግን አልመርጠውም። በቤዝቦል የሚስት ውርወራ ሞልቷል፤ ሁሉም ዋይልድ ፒች አይባልም። ኳሱ በጣም ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ፣ ወይም ወደ ጎን ወጥቶ፣ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቀው ተቀባይ በተለመደ ጥረት ሊይዘው የማይችል መሆን አለበት። በዚያ ላይ ቤዝ ላይ፣ ማለትም በሜዳው ጥግ ባለ ማረፊያ ላይ፣ ያለ የመቺው ቡድን ሯጭ አጋጣሚውን ተጠቅሞ ወደ ቀጣዩ ቤዝ ማለፍ አለበት። ማንም ካላለፈ አይመዘገብም። ጥፋቱ የወርዋሪው ነው። ይሁንና የሰነፍ ወርዋሪ ምልክት አድርገው እንዳይወስዱት፤ በውርወራው ፍጥነት የታወቀው አሜሪካዊ ወርዋሪ ኖላን ራያን በ27 የውድድር ዘመን 277 ዋይልድ ፒች ተመዝግቦበታል።

ሊያዝ የሚገባው ኳስ ሲያልፍስ? ያኔ ጥፋቱ የተቀባዩ ይሆናል፤ ስሙም «ፓስድ ቦል» ነው። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የጨዋታው መዝጋቢ ነው። ለዚህኛው አማርኛችን አይቸገርም። አዳማ ከተማ ሲጫወት በረኛው ቀላል ኳስ ቢለቅ ተመልካቹ «አመለጠው!» ይላል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ባለ ዕዳውን ለይታ ታሳያለች። ስለዚህ «ፓስድ ቦል» ሲገጥምዎ «ኳሱ ተቀባዩን አመለጠው» ይበሉ።

ለዋይልድ ፒች የእኔ ምርጫ «የማይያዝ ውርወራ» ነው። ደንቡ የሚጠይቀውም ይያዛል ወይስ አይያዝም የሚለውን ነውና። «መረን የለቀቀ ውርወራ» ያማረ አማርኛ ነው፤ ግን መረን መልቀቅ ጸባይን ስለሚነካ ወርዋሪውን ባለጌ ያስመስለዋል።

በፊልሙ ላይ የጨዋታው አስተላላፊ ቃሉን ጮኾ የሚናገረው ከሆነ ስም መፈለግም አያስፈልግም። «የማይያዝ ኳስ ወረወረ! ሯጩ አለፈ!» ብለው ይጻፉት።