ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ለመጻፍ ለምትነሱ የጎንደር ልጆች

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ?

ኮምፒዩተር ሳስተምርና ስጠግን እዚሁ ጎንደር ሸብቻለሁ። ማታ ማታ ደግሞ ልብ ወለድ እጽፋለሁ። ይህን የሚያውቁ ወጣቶች ፒያሳ ላይ ሲያገኙኝ ቡና ይጋብዙኛል (ከፋዩ እኔ ነኝ) እና ሁሉም አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ጋሼ፣ ምን ምን ዌብሳይት ልክፈት?» ስልካቸውን ሲያሳዩኝ ሴቭ ያደረጉት ሊንክ ክረምቱን ሙሉ ቢነበብ አያልቅም። የጻፉት ታሪክ ግን የለም። ስለዚህ ጥቂቱን ብቻ ልንገራችሁ።

አንባቢው የታሪኩን አቅጣጫ ራሱ እየመረጠ ለሚሄድበት ታሪክ ትዋይን ይበቃችኋል። ክሪስ ክሊማስ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጣው ነጻ ፕሮግራም ነው። ለመጀመር ኮድ ማወቅ አያስፈልግም። በአማርኛ እየጻፋችሁ አንዱን ሐረግ በድርብ የካሬ ቅንፍ ውስጥ ስታስገቡት፣ ለምሳሌ [[ቦኖውን ልክፈት]] ስትሉ፣ በዚያ ስም አዲስ ገጽ ራሱ ይፈጥርላችኋል። ሲያልቅ ታሪኩ በሙሉ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሆኖ ይወጣል። በቴሌግራም ትልኩታላችሁ፣ ጓደኛችሁ አንዴ ካወረደው በኋላ ያለ ኔት በብሮውዘር ያነበዋል። ኔት እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ትዋይንን በብሮውዘር ከተጠቀማችሁ ታሪኩ የሚቀመጠው እዚያው ኮምፒዩተር ላይ፣ እዚያው ብሮውዘር ውስጥ ነው። ኢንተርኔት ቤት እየተመላለሰ ሲጽፍ የከረመ ልጅ አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ባለቤቱ ብሮውዘሩን ጠራርጎ አጸዳውና ታሪኩም አብሮ ሄደ። ከመቀመጫችሁ ሳትነሱ ፋይሉን አውጡና ፍላሽ ላይ አኑሩት።

ኢንክ የሚባል የዚህ ዓይነት ታሪክ መጻፊያም አለ። ኢንክል የተባለ የእንግሊዝ ጌም ሠሪ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለሁሉም ክፍት አድርጎታል፤ ወደፊት ጌም ለመሥራት ላሰበ እሱ ይሻላል። ኢንፎርም 7 የሚባለው መጻፊያም ድንቅ ነው፣ ግን አንባቢው ትእዛዝ እየጻፈ የሚሄድበት ስለሆነና በእንግሊዝኛ ሰዋስው ላይ ስለተሠራ፣ ክፈት፣ ክፈተው፣ ክፈቺው፣ ክፈቱት እያላችሁ ስታስተምሩት ትከርማላችሁ። ለጀማሪ አልመክርም።

ሰዋስው ካነሳሁ አይቀር፣ የእነዚህ ፕሮግራሞች በእንግሊዝኛ የተጻፉ መማሪያዎች የማይነግሯችሁ ጉዳይ አለ። እነሱ አንባቢውን በሁለተኛ መደብ እያናገሩ ነው የሚጽፉት፤ ለወንዱም ለሴቷም ለሽማግሌውም ያው አንድ ቃል ነው። እኛ ጋ ግን «በሩን ከፈትክ» ያላችሁ ቀን ግማሹን አንባቢ ደጅ አስቀራችሁት። መጀመሪያ ላይ ጾታ ጠይቃችሁ ሁሉንም ዓረፍተ ነገር በሁለት መጻፍ ትችላላችሁ፤ ሥራው እጥፍ ይሆናል። «እርስዎ» ማለትም ይቻላል፣ ጾታ አይለይም፣ ግን ተናጋሪው የመሥሪያ ቤት ሮቦት ካልሆነ በቀር ታሪኩ ይቀዘቅዛል። እኔ የምወደው «እኔ»ን ነው። «በሩን ከፈትኩ» ወንዱም ይለዋል፣ ሴቷም ትለዋለች። ምርጫዎቹንም «ልክፈት»፣ «ልተወው» እያላችሁ ጻፏቸው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጀማሪ ሁሉ ምርጫ ያበዛል። በየገጹ ሁለት ሁለት ምርጫ ሰጥታችሁ፣ መንገዶቹ ሳይገናኙ አሥር ጊዜ ብትከፋፍሉት 1024 መጨረሻ ልትጽፉ ነው። ማንም አይጨርሰውም። መንገዶቹ ተመልሰው ይገናኙ፣ ታሪኩ ግን የተመረጠውን ያስታውስ።

እንበል ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል ሞልቷል፣ ውሃ ለየሰፈሩ የሚያድለው ማሽን ነው፣ እኔ የቦኖው ጠባቂ ነኝ። ማሽኑ ለዛሬ የፈቀደልን 20 ጀሪካን ነው፤ ወረፋው ላይ ግን 30 ተደርድሯል። ከሁሉም ኋላ አራስ እህቷን ቤት ትታ የመጣች ልጅ ቆማለች። [[ላስቀድማት]] ወይስ [[ተራዋን ትጠብቅ]]? የቱንም ብመርጥ ማታ ቤቴ እገባለሁ፣ ቀጣዩ ገጽ አንድ ነው። ነገር ግን ካስቀደምኳት፣ ባዶ ጀሪካን ይዘው የተመለሱት አሮጊት ጠዋት ሰላምታ ይነሱኛል። ካላስቀደምኳት ደግሞ ለክርስትናው ሳልጠራ እቀራለሁ። ለፕሮግራሙ ይሄ ሁሉ አንድ ቫሪያብል (የተመረጠውን መዝግቦ የሚይዝ ስም) ነው፤ ሁለት መስመር ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። «በቀኝ ልሂድ፣ በግራ ልሂድ» ብቻ ከሆነና አንባቢው የሚያጣውን የማያውቅ ከሆነ ግን ሎተሪ እያስቆረጣችሁት ነው።

አንባቢን ወይም አድማጭን የታሪኩ ተካፋይ ማድረግ የፈረንጅ ብቻ አይምሰላችሁ። አዝማሪ ቤት ገብቶ «ተቀበል!» ያለ ሰው ያውቀዋል፤ ግጥሙን የሚሰጠው አድማጩ ነው፣ አዝማሪው ደግሞ ከመሰንቆው ጋር አዋህዶ ይመልስለታል።

ሳይንሱን በተመለከተ፣ የናሳ ድረ ገጽና አቶሚክ ሮኬትስ የሚባለው ይጠቅሟችኋል። ሁለተኛው የጠፈር መንኮራኩር ለሚጽፉ ሰዎች ስሌቱን ሳይቀር አስቀምጧል። አንድ ቁጥር ብቻውን ታሪክ ይወልዳል። ከምድር ወደ ማርስ የሬዲዮ መልእክት ለመድረስ እንደ ርቀቱ ከ3 እስከ 22 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። እስቲ ማርስ ላይ ያለ ልጅ አዘዞ ላሉ እናቱ ይደውል። «እንዴት ነህ?» «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እናንተስ?» «ደህና፣ ሰውነትህስ?» ማርስ በራቀች ጊዜ ከሆነ፣ ገና ወሬ ሳይጀመር ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ! ይሄን ማንም አሜሪካዊ አይጽፍላችሁም፣ በነጻ ውሰዱት።

ሐሳባችሁ ከዚህ በፊት ተጽፎ እንደሆነ ለማየት ዘ ኢንሳይክሎፔዲያ ኦፍ ሳይንስ ፊክሽን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ ወጥቶ ከ2011 ጀምሮ በነጻ ኦንላይን ይነበባል። ተጽፎ ብታገኙት አትደንግጡ፣ ጎንደር ላይ አልተጻፈም።

በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ኦሜናናን እዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተመሠረተ የአፍሪካውያን መጽሔት ነው። ክላርክስወርልድ የሚባለው የሳይንሳዊ ልብ ወለድ መጽሔት ለጸሐፊው በቃል ቆጥሮ ይከፍላል። በማሽን ያስጻፋችሁትን ግን እንዳትልኩ፤ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 እንዲህ ያለ ጽሑፍ ስለጎረፈበት ለጊዜው መቀበል አቁሞ ነበር። «ታሪክህን እናሳትምልህ፣ ይሄን ያህል ላክ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ ራይተር ቢዌርን ክፈቱ፤ ጸሐፊ የሚያታልሉትን እየተከታተለ ያጋልጣል። መክፈል ያለበት አሳታሚው ነው።

የመጀመሪያ ታሪካችሁ ከአሥራ አምስት ገጽ አይብለጥ። ሲያልቅ ስልካችሁን ለአንድ ሰው ስጡትና አጠገቡ ተቀመጡ። አትናገሩ፣ አታስረዱ። ጣቱ የት እንደሚያመነታ፣ የቱን ገጽ ሳያነብ እንደሚያልፍ ተመልከቱ። ሲጨርስ «ወደድከው?» አትበሉት፤ ይሉኝታ ይዞት አዎ ይላችኋል። የቱን ሊመርጥ ፈልጎ እንደተወውና ለምን እንደተወው ጠይቁት።