«ጎግል አድርጉ» ብላቸው ገልብጠው መጡ

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ፣ እዚህ ድሬዳዋ የ9ኛ ክፍል ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ባለፈው ስለ ባቡሩ ኢንተርኔት ላይ ፈልጋችሁ ጻፉ ብዬ ኮምፒውተር ክፍል ወሰድኳቸውና ግማሹ ዩቲዩብ ገባ፣ ግማሹ ከዊኪፔዲያ ቃል በቃል ገልብጦ መጣ፣ አንዱ ልጅማ በቅንፍ ያሉትን የምንጭ ቁጥሮች ሳይቀር በእስክሪብቶ ጽፏቸዋል። ተማሪዎቼ 55 ናቸው፣ የሚሠራው ኮምፒውተር 11 ብቻ ነው፣ ኔትወርኩም ይቆራረጣል። ኢንተርኔቱን ልተወው ወይስ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አቦ እህቴ፣ እንዳትተዪው! እኔም ድሬ ሳስተምር እንዲህ ያለ ደብተር ስንቱን አርሜያለሁ። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም፣ «ስለ ባቡሩ ጻፉ» ከተባሉ መልሱ ተጽፎ ተቀምጧል፣ ታዲያ ለምን ይልፉ?

ዌብኩዌስት የሚባል ዘዴ አለ፣ በፈረንጆቹ 1995 አሜሪካ ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በርኒ ዶጅ ከቶም ማርች ጋር ሆኖ ያወጣው ነው። ገጾቹን አስቀድመሽ አንቺ መርጠሽ ትሰጫቸዋለሽ፣ ልጆቹ ሲያስሱ ሰዓቱ አያልቅባቸውም፣ ባነበቡት ደግሞ አንድ ነገር ይሠሩበታል። መግቢያ፣ አካሄድ፣ መመዘኛ ምናምን አለው፣ ለኔ ግን ዋናው የምትሰጫቸው ሥራ ነው፣ እሱ ከተበላሸ ሌላው አያድነውም።

የራስሽን ትምህርት እንውሰድ። ባቡሩ ከጅቡቲ ድሬ የገባው በፈረንጆቹ 1902 ነው፣ መጀመሪያ የታሰበው ግን ሐረር እንዲገባ ነበር። በቃ «ለምን ሐረር አልወጣም?» በያቸው። አምስት አምስት ሆነው በአንድ ኮምፒውተር ይቀመጡ፣ አንዱ የሐዲዱ መሐንዲስ፣ አንዷ የሐረር ነጋዴ፣ አንዱ ባለ ግመል፣ አንዷ የቤተ መንግሥት ሰው፣ አምስተኛው ጸሐፊ፣ ከዚያ ተከራክረው ለአፄ ምኒልክ አንድ ደብዳቤ ይጻፉ። ይሄ ደብዳቤ የትም ድረ ገጽ ላይ የለም፣ ከየት ይገለብጡታል?

እኔ ስሞክረው መሐንዲስ የነበረችው ልጅ ካርታው ላይ ከፍታውን አየች፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር ወደ 1,900 የሚጠጋ፣ ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና «ቲቸር፣ ለካ ደንገጎ ነው!» ብላ ጮኸች። ያንን ከድሬ ሐረር የሚያወጣ ጠመዝማዛ ዳገት በሚኒባስ ስንቴ ወጥታዋለች፣ ባቡር ሊወጣው ይችል እንደሆነ ግን አስባው አታውቅም። እስከዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ለኔትወርኩ አትጨነቂ፣ ገጾቹን ቤትሽ አውርደሽ በፍላሽ ጫኚላቸው፣ ዩቲዩቡም በዚያው ይቀራል። ሦስት አራት ገጽ ይበቃል፣ እንግሊዝኛው ከከበዳቸው ከባዱን ቃል ከጎኑ ተርጉሚላቸው፣ እንደውም እዚህ ላይ ብዙ አስተማሪ ይሰንፋል። ማርኩንም በምን እንደምትሰጪ ሳይጀምሩ ንገሪያቸው፣ ለምሳሌ ምክንያቱን ከየትኛው ገጽ እንዳገኘው ያልጠቀሰ ግማሹን ያጣል በያቸው። ከዚራ ወይ ሌላ ሰፈር የባቡር ጡረተኛ አያት ያለው ልጅ ካለ ጠይቆ ይምጣ፣ አያቱ የነገሩትንና ገጹ ላይ ያነበበውን ያስተያየው።

ሁለት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል። ደብዳቤዎቹ ሲያልቁ ግድግዳው ላይ ለጥፊያቸው፣ አንድ ሁለቱንም ላኪልኝ፣ ባለ ግመሉ ምን እንዳለ ማንበብ እፈልጋለሁ።